ልጄ ሰው አይጎትትም

ለምወድሽ ልጄ ለሹ-ፒንግ፣

እንዴት ከርመሻል? የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? ትንሿ ልጅሽ ሲን-ዪስ፣ ሳሉ ለቀቃት? ባለቤትሽ፣ አማትሽ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔና አባትሽ በጤና አለን። አባትሽ ጀልባዋን ቀለም ቀብቷታል፤ ወደ ባሕር ግን ገና አልወጣም።

ወንድምሽን ዞንግ-ሃንን ባሕር ከወሰደው ወዲህ ሰፈሩ የሚለውን ታውቂያለሽ። የሰመጠ ሰው ምትኩን እስኪያገኝ ነፍሱ አታርፍም፣ የዋናተኛ እግር ይጎትታል ይላሉ። አማትሽም ሲን-ዪን ወደዚህ እንዳታመጪ የከለከሉሽ ለዚሁ ነው። አልተቀየምኳቸውም።

ባለፈው ሳምንት ስለ ባሕር የምትጽፍ አንዲት ደራሲ፣ ወይዘሮ ጓን፣ ከልጆቹ ጋር ስለ ሳይንስ ልትጫወት እኔ ምግብ ወደማበስልበት ትምህርት ቤት መጣች። ወጥ ቤት ብቅ ብላ "እትዬ፣ ሰፊ ትሪና የተከተፈ የሽንኩርት ቅጠል ይኖርሻል?" አለችኝ። "ሾርባ ልትሠሪላቸው ነው?" ብላት ሳቀች። ይዤላት ገባሁና በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ትሪው ላይ አሸዋ እንደ ግድግዳ ከምራ መሐሉን ከፈተችው፤ ውኃ ጨምራ ሽንኩርቱን በተነችበት። በእጇ ማዕበል ስትሠራ፣ አሸዋውን የተሻገረው ውኃ ሽንኩርቱን እየገፋ በዚያች ክፍተት ተመልሶ ወጣ። አንዱ ልጅ ጓደኛውን "አንተንማ አይወስድህም፣ ትከብደዋለህ!" አለው፤ ሳቁ። ፔይ-ሻን የምትባል ተማሪ ግን እጇን አውጥታ "ታዲያ እግር የሚጎትተው ዞንግ-ሃን አይደለም?" አለች። መምህሩ እኔን አየና "ዝም በይ አንቺ!" አላት። "ተዋት፣ ትጠይቅ" አልኩት።

ወይዘሮ ጓን "ማንም ማንንም አይጎትትም። ባሕሩም እንደዚህ ትሪ ነው፤ ውኃው መውጫ ሲያገኝ ወደ ጥልቁ ይሄዳል። ፊት ለፊት የታገለው ጎበዝም ቢሆን ይደክማል፤ እናንተ ከሚወስደው ውኃ እስክትወጡ ወደ ጎን ዋኙ" አለቻቸው። እኔም "ልጄ እንኳን ሰው ሊጎትት፣ አባቱ ዓሣ ሲይዝ የሚያለቅስ ነበር" አልኩ። ፔይ-ሻን መጥታ የሽርጤን ጫፍ ያዘች።

ለጨረቃ በዓል ሲን-ዪን ይዘሽልኝ ነዪ። አማትሽ እንቢ ካሉ ይህን አንብቢላቸው። ወሬውን እኔም ፈርቼው ኖሬያለሁ። ሩዝ ይዤ ባሕሩ ዳር እየወረድኩ "አደራህን፣ የሰው ልጅ እንዳትነካ" እለው ነበር። አሁን "ብላ ልጄ" ብቻ ነው የምለው።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አማትሽን በአክብሮት እጅ ነሺልኝ። ሲን-ዪን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አያትሽ ወደ ጎን መዋኘት ያስተምርሻል በያት።

እናትሽ
ታይቱንግ፣ ከወደቡ አጠገብ
በስምንተኛው የጨረቃ ወር፣ በሁለተኛው ቀን