ሰኞ ታስራ ሐሙስ የምትፈታው ብሎን

ለተከበሩ የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በእናቴ ቤት የብሬከር ሣጥን ላይ «አገልግሎት እንዳይሰጥ ታግዷል» የሚል ቀይ ወረቀት ስለ መለጠፉ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ እርስዎም፣ ምክትልዎም፣ የመዝገብ ቤት ባልደረቦችዎም እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናችሁ እንዲበዛ፣ ወገባችሁ ከመቀመጥ ብዛት እንዳይታመም፣ ማኅተማችሁም ቀለም እንዳያጣ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ከአንዲት ብሎን በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። እናቴ አርባ ዓመት በልብስ ስፌት የኖረች፣ አሁን ጉልበቷ ከደረጃ ጋር የተጣላ፣ በየቀኑ ኢንሱሊን የምትወጋ ሴት ናት። እኔ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ የመብራት መስመር ባልደረሰው የከተማው ጫፍ፣ ባለችን ቁራሽ መሬት ላይ፣ አሥራ ስምንት ካሬ ሜትር የሆነች ቤት ሠራንላት። ሶላሩ ባትሪውን ይሞላል፤ ኢንቨርተር የሚባለው ዕቃ ደግሞ የባትሪውን ኃይል ለቤት ወደሚሆን መብራት ይለውጣል፤ ኢንሱሊኗ የሚቀመጥባት ትንሽ ፍሪጅ የምትሠራውም በዚሁ ነው። ጊዜያዊው የመኖሪያ ፈቃድ የሚያበቃው የፊታችን ዓርብ ሲሆን፣ የቤቷ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ እስከዚያ ካልጸደቀ እናቴ ወደ አራተኛ ፎቅ ትመለሳለች።

የሚከተሉትን ነጥቦች «ቅሬታ» ብሎ መጥራት ስለሚከብደኝ ምስጋና ብያቸዋለሁ።

፩. ባትሪውና ኢንቨርተሩ ሰው ከሚተኛበት ክፍል እንዲወጡ በማዘዝዎ አመሰግናለሁ። ይህ ትክክል ነበር፤ ያለ ምንም ሽሙጥ ነው የምለው። ከቤቱ አሥራ ሁለት ሜትር ርቃ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ሠራን፤ ያኔም ኃይሉን በምን መንገድ ወደ ቤት እናስገባው የሚል ጥያቄ መጣ። ቴስተሩን እንደ እርሳስ ከጆሮው ጀርባ ስለሚሰካ ሰፈሩ «ቴስተር» የሚለው ኤሌክትሪሺያናችን ሁለት መንገድ አቀረበልን፦ ወይ ወፍራም ኬብል በቱቦ ከትቶ መሬት ውስጥ መቅበርና፣ ቤት ውስጥ በሚተከል ሣጥን ለመብራቱ፣ ለሶኬቱና ለፍሪጁ ለየብቻ፣ ኃይል ሲበዛ የሚቆርጥ ብሬከር መስጠት፣ ወይ ደግሞ ከኢንቨርተሩ ሶኬት ማከፋፈያ ሰክቶ ገመዱን በመስኮት ማስገባት። «የመጀመሪያው ለቤት ነው፣ ሁለተኛው ለአንድ ቀን ድንኳን ነው፤ እማማ ደግሞ ድንኳን ውስጥ አይደሉም» አለን። የመጀመሪያውን መረጥን፤ ጥፋታችንም የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

፪. ሁለት መሐንዲሶች ስለ መደቡልን አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው ሰኞ መጡ፤ ሣጥኑን ከፍተው ኒውትራሉና ኧርዙ እዚያው ካልታሰሩ ፈቃድ እንደሌለ በትሕትና ነግረውን ሁለቱን የምታገናኝ አንዲት ብሎን አሳሰሩ። ለማያውቅ ሰው፣ ኒውትራል ኃይሉ ዞሮ የሚመለስበት ሽቦ ነው፤ ኧርዝ ደግሞ ብልሽት ሲፈጠር ሰውን የሚያድነው፣ ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ ነው፤ ሁለቱ መገናኘት ያለባቸውም በአንድ ቦታ ብቻ ነው። ሐሙስ የመጡት ሁለተኛው መሐንዲስ ሣጥኑን ገና ከመክፈታቸው «ማነው ይህን ያሰረው? ኢንቨርተሩ እኮ ከውስጡ አስሮታል!» ብለው ብሎኗን አስፈቱ። በቀጣዩ ሰኞ ደግሞ ታሰረች፤ ሐሙስ ተፈታች። ይህ አምስት ሳምንት ቆየ። እናቴ በአራተኛው ሳምንት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ «ልጄ፣ ጨርቅ እንኳ በአንድ ቀዳዳ ደጋግመው ሰፍተው ሲተረትሩት ክር አይዝም» ብላ ነበር፤ እንዳለችውም ባለፈው ሐሙስ የብሎኗ ጥርስ አልቆ አልፈታም ስትል ሁለተኛው መሐንዲስ ቀዩን ወረቀት ለጠፉባት።

ከኢንቨርተሩ ጋር የመጣው መጽሐፍ በአሥራ አራተኛው ገጹ ላይ የሁለቱ ሽቦዎች ማሰሪያ በፋብሪካ ውስጥ እንደ ተሠራና በሣጥኑ ውስጥ እንዳይደገም በአንድ መስመር ይናገራል። መስመሩን አስምሬበት ለሰኞው መሐንዲስ ባሳያቸው፣ የጽሕፈት ቤቱ መመሪያ ቆጣሪ ላለው ቤት የተጻፈ ስለሆነ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንደማያውቅ አስረዱኝ። ሁለቱም እጅግ ጨዋ ሰዎች መሆናቸውን እመሰክራለሁ፤ አንዱ የሌላውን ስም በክፉ አንሥቶ አያውቅም። በኋላ እንደ ሰማሁት በአንድ ጠረጴዛ በተለያየ ቀን ስለሚሠሩ ለመተማማት የሚያበቃ ትውውቅ የላቸውም።

፫. ለቅጽ ቁጥር ሰባትም ምስጋናዬ ይድረስ። ቅጹ የቆጣሪ ቁጥር ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ ቆጣሪ የለንም፤ ኖሮን ቢሆን ኢንቨርተር ምን ያደርግልን ነበር? ኮምፒውተሩ ባዶ ቦታ ስለማይቀበል፣ የመስኮት ቁጥር ሁለት ባልደረባ አዝነውልኝ ስምንት ዜሮ እንድሞላ መከሩኝ፤ ሞላሁ። ከሦስት ወር በኋላ ቆጣሪያችን ምንም ስላልቆጠረ በመነካካት ተጠርጥረን እንድንቀርብ መጥሪያ ደረሰን። ቀርበን ቆጣሪው እንደሌለ ብናስረዳ፣ ለጠፋ ቆጣሪ የሚሞላ ሌላ ቅጽ ተሰጠን። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት እንዲህ በንጹሕ ወረቀት ላይ ታትሞ ሲመጣ ያየሁት ያኔ ነው።

፬. ከሁሉ በላይ ግን ለሰጡን ነጻነት አመሰግናለሁ። ሣጥኑ ሲታገድ ፍሪጇ በምን ትሥራ ብዬ ብጠይቅ፣ ማከፋፈያ «ተንቀሳቃሽ ዕቃ» እንጂ ዝርጋታ ስላልሆነ ፈቃድም ቁጥጥርም እንደማያስፈልገው ተነገረኝ። እነሆ ቱቦ ውስጥ የተቀበረው ኬብል ታግዶ፣ ቀጭኑ ገመድ በሣሩ ላይ ተንጋሎ፣ በማይዘጋ መስኮት ገብቶ፣ ከእናቴ አልጋ ሥር አልፎ ፍሪጇን ያሠራል። ቅዳሜ እናቴ ካውያዋን በዚያው ገመድ ላይ ሰክታ አንዲት ቀሚስ ስትተኩስ እግሯ ገመዱን ነካው፤ ደውላም «ና እስኪ፣ ይሄ ገመድ ትኩሳት ይዞታል» አለችኝ። ስደርስ የተጠቀለለው የገመዱ ክፍል ላስቲኩ ልስልስ ብሎ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ካውያውን ነቀልኩ። ፍሪጇን ግን መንቀል አልቻልኩም፤ ውስጧ ያለው የእናቴ መድኃኒት ነው።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ሁለቱ መሐንዲሶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ አንዱ አንዱን እያየ ይምጡልን፤ አሥራ አራተኛውን ገጽ ያንብቡ፤ ኒውትራሉና ኧርዙ የት እንደሚገናኙ ተነጋግረው በአንድ ወረቀት ላይ ሁለቱም ይፈርሙ። ቴስተር ያለቀችውን ብሎን ቆርጦ ለማውጣት ዝግጁ ነው። ወንበር ሁለት አለን፤ እናቴ አልጋዋ ላይ ትቀመጣለች።

ዕድሜዎ ረጅም፣ ወረፋዎ አጭር፣ ስልክዎም አንድ ቀን የሚነሣ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለትዕግሥቴ መጎልበት ጽሕፈት ቤትዎ ያደረገውን አስተዋጽኦ ሳልረሳ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የልብስ ሰፊዋ ልጅ

ግልባጭ፦
— ለሰኞው መሐንዲስ
— ለሐሙሱ መሐንዲስ (በሌላ ፖስታ፣ በሌላ ቀን፣ እንደ ልማዳቸው)

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ የቴክኒክ ኮሚቴው ጉዳያችንን የፊታችን ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አይቶ እንደሚወስን፣ አመልካቿም ራሷ መቅረብ እንዳለባት መዝገብ ቤት ነገረኝ። ስብሰባው አምስተኛ ፎቅ ላይ መሆኑንና ሊፍቱ ከተበላሸ ዓመት እንዳለፈው ያኔ ነው ያወቅኩት። እናቴ አልቀርም ብላለች፤ ሦስት ሰዓት ላይ ደርሳ ከደረጃው ሥር ትጠብቃለች። ውሳኔውን ይዞ እስከ ታች የሚወርድ ሰው ከወዲሁ እንዲመደብልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።