ሰርክ በቃሏ የያዘችው

ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ወረታ

ሰርክ ከዩኒቨርሲቲ ወድቃ መጣች።

ይድረስ ለልጄ ለአሸናፊ። እንዴት ሰነበትህ? እኛ ደህና ነን። ውኃው ሸሽቷል፤ ሩዙም እየታጨደ ነው።

በስልክ «እርስዎ ስንቱን ልጅ ያስጀመሩ ነዎት፤ እዚህ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ጀማሪ ተማሪዎቼን ማሽኑ በሚታዘዝበት በፓይተን ቋንቋ እናስጀምር ወይስ በሲ? ሰኞ ስብሰባ አለን» ስትለኝ እሺ እሺ አልሁህ እንጂ አልገባኝም ነበር። ቋንቋ ከሆነ የሚናገረው ሰው የት አገር እንዳለ ልጠይቅህ አፈርሁ። አንዱ ቶሎ ይገባል፣ ሌላው ይከብዳል፣ ግን የማሽኑን ውስጡን ያሳያል አልኸኝ። እኔ ልጆቹን በግእዝ ነው የማስጀምራቸው። መርጬ አይደለም፤ እኔንም እንዲሁ አስጀመሩኝ።

ሰርክ የጎረቤታችን የማረው ልጅ ናት፤ አንተ ስትሄድ ሕፃን ነበረች። ዳዊት ያስደገምኋት እኔ ነኝ። ትናንት አውድማው ላይ አገኘኋት።

«የኔታ፣ የኮምፒዩተር ቋንቋ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፉትን ሁሉ ይዤ ነበር። አንዲት ነጥብ አልሳትሁም።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«ፈተናው ላይ ሌላ ሥሩ አሉን።»

«በቃልሽ ነው የያዝሽው?»

«እንደ ዳዊት።»

ማረው ከወዲያ ሆኖ፣ «ሩዝ በአንድ ቋንቋ ነው የሚታጨደው፤ ከእኔው ጋር ትቅርልኝ!» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። የድጋሚ ምዝገባው ሰኞ ያበቃል።

የፈተና ወረቀቷን አሳየችኝ። በቀይ የታረመበትን የእጅ ጽሕፈት አወቅሁት፤ ያንን እጅ ብዕር ያስያዝሁት እኔ ነኝ። የማን ልጅ እንደሆነች ነግራህ እንደሆነ ብጠይቃት «አፈርሁ» አለችኝ። ማርክ ጨምርላት አልልህም።

ፊደል የቆጠረ ልጅ ሲመጣ ከታች ወደ ላይ፣ ከመካከልም እየዘለልሁ፣ በስንደዶ እያመለከትሁ እጠይቀዋለሁ። በቃሉ የሚለው ከሚያነበው የሚለየው ያኔ ነው። ሰርክን አልጠየቅኋትም። ፊደል በቆጠረችበት ዓመት ጎርፍ መጣና ተበተንን፤ ስንመለስ ድምፅዋ ያማረ ነበርና ዳዊት ጀመርሁላት። በየትኛው ብትጀምር ይቀናት እንደነበር አላውቅም። በሲ ይሁን በፓይተን የወደቀችው እንኳ አልጠየቅኋትም።

ይህን የምጽፍልህ ከአዛናው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ተቀምጬ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ልገዛ ነበር ወደ ገበያ የመጣሁት። አሁን ሰርክ ጆንያ ተሸክማ በበሩ ወደ ሩዝ መፈተጊያው አለፈች። ጧፉ ይቆይ። ደብዳቤውን አዛናው ፎቶ አንሥቶ በስልክ ይልክልሃል። ጣራ ገዳም ያሉ አባቶች በጸሎት ያስቡህ፤ ለሰኞውም ስብሰባ እግዚአብሔር ማስተዋል ይስጥህ።

ያኔ ያልጠየቅኋትን ዛሬ ልጠይቃት ነው። ልጠራት ወጣሁ።

አባትህ
መሪጌታ አያልነህ