በእርጥብ ዋንዛ የሠራሁልሽ ወንበር

አንጓች፣

ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። ያንቺ ጤና አሁን ባለቤቱ እግዚአብሔር ጋ ስለሆነ ያንን ለእሱ ትቼዋለሁ። ከተለየሽኝ ይኸው ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እኔ ደህና ነኝ። ዳገት ስወጣ ጉልበቴን ያመኛል፤ ይህንንም ላንቺ ብቻ ነው የምናገረው።

የምጽፍልሽ አንድ ነገር ስላደረግሁ ነው። ወንበርሽን ከቤት አውጥቼ ለሰው ሰጥቻለሁ። ሰሞኑን ወደዚያ የሚመጣ ጎረቤት አይጠፋም፤ ከእነሱ ከምትሰሚው ከራሴ ስሚው ብዬ ነው እስክሪብቶ ያነሣሁት። እስክጨርስልሽ ድረስ አትቆጪ።

ቤቱ ደህና ነው። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ሦስት ክረምት ሙሉ የነዘነዝሽኝን የሚያፈስ ቆርቆሮ ቀይሬዋለሁ፤ አንቺ ሳለሽ ብቀይረው ምን ነበረበት። ልጃችን የሺ ከማርቆስ በየሳምንቱ ትደውላለች። በልተዋል ወይ ትለኛለች፣ በልቻለሁ እላታለሁ፤ አልዋሸኋትም። ሽሮ መሥራት ተምሬያለሁ። ይጓጉላል እንጂ ይበላል። ይህን ደብዳቤ ጨርሼ ስሰጣት ለሌላ ሰውም ታንብበው እንደሆነ ከአሁኑ ጠይቃኛለች። ታንብበው። እንደ እኔ ዓይነት ደረቅ ሰው ቢሰማው ሊጠቅመው ይችላል።

ያ በሽታሽ ሲጀምር እንዴት ትንሽ እንደነበር ሳስበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በካቻምና ጥር ከቁይ ገበያ ስንመለስ የቀኝ እግርሽ ጫማ ወለቀ። አነሣሁልሽ። ጥቂት እንደሄድን ደግሞ ወለቀ። ምነው ትጎትቻለሽ፣ እግርሽን አንሥተሽ ሂጂ ብዬ ተቆጣሁ። አልነሣ አለኝ አልሽ። ጫማው ሰፍቷት ነው አልኩና በሚቀጥለው ገበያ ከሐጂ ኑሩ ሱቅ ጠበብ ያለ ገዛሁልሽ። ለዚያ በሽታ የሰጠሁሽ የመጀመሪያው መድኃኒት እሱ ነው።

በየካቲት ቤት ውስጥ ትወድቂ ጀመር። ምርኩዝ ልሥራልሽ አልኩ። አሠራሬን ታውቂዋለሽ። ከሉማሜ እስከ ቁይ የስንሻው ቀንበር ሲባል የማያውቅ ገበሬ የለም፤ የበሬ ጫንቃ ልጦ አያውቅም። ለምን ቢሉ እርጥብ እንጨት አልነካም። ቆርጬ ጎተራው ሥር ጥላ ውስጥ አስተኛዋለሁ፣ ዓመት ሳይሞላው መጥረቢያ አላሳርፍበትም። ላንቺም ከቆየው ወይራ መርጬ ላጥኩ፣ ቅቤ ቀባሁ፣ ጢስ ላይ ሰቀልኩ፣ አወረድኩና ደግሞ ቀባሁ። ጥድፊያ አልወድም። ለፋሲካ ደረሰልኝ። መስተዋት መስሎ አምጥቼ ሰጠሁሽ፤ ጣቶችሽ ዙሪያውን መጨበጥ አቃታቸው። በሁለት ወር ውስጥ በሽታው ከእግርሽ እጅሽ ደርሷል። አንተ ሽማግሌ፣ ለራስህ ሠርተህ ለእኔ ነው ትላለህ ብለሽ ሳቅሽ። እኔ አልሳቅሁም። እውነትሽን ነበር፣ ዛሬ የምመረኮዘው እኔ ነኝ።

ጠበል ሄድን፤ ልብሽ አረፈ፣ እጅሽ ግን እንደዛለ ነበር። ሐኪም ቤቱን ከዘር በኋላ፣ ከዘር በኋላ እያልኩ ሰኔ ገባ። የሺ ናት መኪና ይዛ መጥታ፣ እየጮኸችብኝ የወሰደችሽ። ማርቆስ ያየችሽ ወጣት ሐኪም ወደ ባሕር ዳር ላከችን፣ እዚያም ያንኑ አሉን። ከአንጎል ወደ ጡንቻ ትእዛዝ የሚያደርሱት ነርቮች እየሞቱ ነው አሉ። ጡንቻው ትእዛዝ ሲያጣ ይዝላል፣ ይከሳል። አእምሮዋ ግን ንጹሕ ነው፣ ሁሉን ትሰማለች፣ ሁሉን ታውቃለች አሉን። ሐኪሟ መዳኛ እንደሌለው አልደበቀችንም። በአንዳንዱ ሰው ላይ ለዓመታት ይንፏቀቃል፣ በአንዳንዱ ይሮጣል፤ የእማማ የሚሮጠው ነው አለችኝ። ከዚያ ደግሞ፣ አባባ፣ ዛሬ የጎደላትን አይከተሉ፤ ከሁለት ወር በኋላ የሚጎድላትን አሁን ያዘጋጁ አለችኝ። አንጓች፣ ልቤ እንዴት እንደነደደ አልነገርኩሽም ነበር። ሰው ሳይሞት ጉድጓድ ቆፍር የተባልኩ መሰለኝ። ደህና ዋይ እንኳ ሳልላት ወጣሁ።

አልሰማኋትምና የራሴን ሠራሁ። በዝናብ ጭቃ እየረገጥኩ፣ ከደጃፉ እስከ መጸዳጃው ድረስ ይዘሽው የምትሄጂበት የእንጨት መደገፊያ ተከልኩ። ይህንንም በደረቅ እንጨት፣ ይህንንም አሳምሬ። በሐምሌ መጨረሻ ሳበቃ ሁለቱም እግሮችሽ አልቆም አሉ። አንድ ቀን እንኳ አልያዝሽውም። አሁን ዶሮዎቹ ይሰፍሩበታል። ያን ዕለት ዝናቡ ላይ ቆሜ ነው የገባኝ፤ እኔ ሁልጊዜ የምሠራው ላለፈው ወር ነው። እጄ ሰንፎ አይደለም፣ በሽታው እንጨት እስኪደርቅ አይጠብቅም።

የሺ ለሐኪሟ ደወለች። ቀጥሎ የሚመጣው ምንድን ነው ብለሽ ጠይቂልኝ አልኳት። አንገት ነው አለች። የሺ ባለ ጎማ ወንበር ላምጣ ብትል፣ በእኛ ድንጋይ ላይ የት ይሽከረከራል ብዬ ከለከልኳት፤ እውነቱን ለመናገር ኩራትም ነበረበት። ወንበሩን እኔው ልሠራ ተነሣሁ፤ ጎተራ ሥር የነበረኝ ደረቅ እንጨት ግን ለቀንበር እንጂ ለሰፊ የወንበር ጀርባ አይሆንም። ጓሮ የቆመውን ዋንዛ ቆረጥኩት። ውኃው በመጋዙ ላይ ይወርድ ነበር። ያን ጊዜ ቁይ ሄጄ ምስማር ስጠይቅ ሐጂ ኑሩ፣ ለምን እንጨት ነው አለኝ። ለእርጥብ ዋንዛ ስለው ከሱቁ ወጥቶ ሰማዩን አየ፤ ፀሐይ በየት በኩል እንደወጣች ልይ ብዬ ነው አለኝ። ለማን እንደሆነ ስነግረው ግን ቀልዱን ተወ። እርጥብ እንጨት በምስማር አይያዝም፣ ሲደርቅ ይለቃል፤ ብሎን ውሰድ፣ በደረቀ ቁጥር ታጠብቀዋለህ አለኝ። ሰላሳ ዓመት በእንጨት ስኩራራ ኖሬ ከባለሱቅ ተማርኩ።

ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ጀርባውን ከራስሽ በላይ አስረዘምኩት፣ ለጭንቅላትሽ ግራና ቀኝ ድጋፍ አወጣሁለት፣ የበግ አጎዛ አለበስኩት። ሳይውል ሳያድር የግራ ክንዱ ዝቅ አለ፣ ጀርባውም ተንሻፈፈ። ያን ጊዜ ምላስሽ ተሳስሯል፤ ከእኔና ከየሺ በቀር ንግግርሽን የሚለየው አልነበረም። ወንበሩን ከላይ እስከ ታች አይተሽ፣ እንዳንተው ጠማማ ነው አልሽኝ። ቀጥለሽም፣ አንገቴ እኮ ደህና ነው አልሽ። ብሎኖቹን አጠበቅሁ።

በመስቀል ሰሞን አንድ ጠዋት አንገትሽ ደረትሽ ላይ ወደቀ። ቀና ሳደርገው ይወድቃል። ዓይንሽ ላይ ፍርሃት አየሁ፤ ከዚያ በፊት አይቼብሽ አላውቅም። አንሥቼ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩሽ። ራስሽ በሁለቱ ድጋፎች መሀል ገባ፣ ፊትሽ ቀና አለ፣ የጮቄን ተራራ ፊት ለፊት አየሽው። ትንፋሽሽ ሲረጋጋ ሰማሁ። ከዚያ ሁሉ ሩጫ ያን አንድ ጊዜ በሽታውን ቀደምነው።

ከዚያ በኋላ ያገኘናቸውን ወራት ለማንም አልለውጣቸውም። ደጅ ተቀምጠሽ እህል ሲወቃ በዓይንሽ አዘዝሽ፤ በሬዎቹ ወደ ክምሩ ሲጠጉ ዓይንሽን እያፈጠጥሽ አሳየሽኝ። ቀጭኑ አጥሚት ሲያንቅሽ ወፈር አድርጌ፣ አገጭሽን ዝቅ አድርጌ በማንኪያ ማጉረስ ለመድኩ። ፀጉርሽን ጎንጉኜልሻለሁ፤ ምን እንደመሰለ አንቺም አይተሻል፣ አንነጋገርበት። ለኅዳር ጽዮን ወንበሩ ላይ ሁለት አጣና አስሬ አራት ሰው ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን ወሰደሽ። በቃሬዛ ተኝተሽ ሳይሆን ቀጥ ብለሽ ተቀምጠሽ፣ ሰው እየሰገደ መንገድ እየለቀቀልሽ። የደጃዝማች ሚስት መስለሽ ነበር። በጥር፣ ጫማሽ በወለቀ በዓመቱ፣ እስትንፋስሽ አጠረና ተለየሽኝ። በዓመት ውስጥ። አንድ ቀንበር እንኳ በማይደርስበት ጊዜ።

ወንበሩን ጓዳ አስገብቼ ጨርቅ አለበስኩት። ማንም አልተቀመጠበትም፣ እኔም ጭምር።

በዚህ በየካቲት ግን አንዲት ወይዘሮ ከመርጡለ ማርያም በኩል መጡ። ባላቸው መሪጌታ ናቸው። በጥቅምት ማኅሌት ላይ ጸናጽሉ ከእጃቸው ወደቀ፤ አሁን ሁለቱም ክንዳቸው አይነሣም፣ ንግግራቸውም መያያዝ ጀምሯል። ማርቆስ ሄደው ያችው ሐኪም አይታቸዋለች። በኅዳር ጽዮን አንቺን በወንበር ያየ ሰው ነግሯቸው ኖሮ፣ ለማየት ብቻ ነው፣ የእኛ አናጢ አይቶ እንዲሠራ አሉኝ። ወንበር የለም አልኳቸው። ዋሸሁ። አንደኛ ያንቺ ነው። ሁለተኛ፣ ያ የተንሻፈፈ ነገር የስንሻው ሥራ ተብሎ አገር ላገር እንዲዞር አልፈለግሁም። ውኃ ጠጥተው፣ አመስግነው ሄዱ።

ቀንበር ልጠርብ ተቀመጥኩ፤ እጄ አልሠራ አለኝ። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር እያልኩ በጣቴ ቆጠርኩ። የሚሮጠው ዓይነት ነው። የእሳቸው አናጢ ደረቅ እንጨት እስኪፈልግ ግንቦት ይደርሳል፣ አንገታቸው ይወድቃል። ያን ጠዋት ዓይንሽ ላይ ያየሁትን መሪጌታው ላይ አየሁት። ወንበሩን ከጓዳ አውጥቼ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቅሁ።

በማግስቱ ወደ መርጡለ ማርያም በሚሄደው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጫንኩት። ረዳቱ እያሰረው፣ አባባ፣ ይህን የሠራው ሰው ጠጥቶ ነበር እንዴ አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ውኃም ቢሆን አልጠጣሁም፣ ጊዜ አልነበረኝም አልኩት። አፍሮ ገመዱን ደገመልኝ።

ስደርስ መሪጌታው ደጅ ቆመው ተማሪ ያስቀጽላሉ፣ ቃል በቃል ያስደግማሉ፤ ራሳቸው ቀጥ ብሏል። ደርሻለሁ አልኩ በልቤ። ወንበሩን አዩና፣ ይህ ለማን ነው አሉ። ለግንቦት ነው አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። እኔ ሐኪሟ ላይ የተቆጣሁትን ቁጣ ስላወቅሁት ወንበሩን ከጎናቸው አስተካክዬ አቆምኩት። ቀስ ብለው፣ እንግዲያስ እስከ ግንቦት እንግዳ ይቀመጥበት አሉና እኔን አስቀመጡኝ። አንጓች፣ በወንበርሽ የተቀመጥኩት የመጀመሪያ ጊዜ ያ ነው። ምቹ ነው። የግራ ክንዱ ዝቅ ማለቱም ክንድን ያሳርፋል፤ ለምን አልነገርሽኝም?

ሁለት ቀን ሰንብቼ ለወይዘሮዋ የማውቀውን ሁሉ አሳየሁ፤ አገጭ ዝቅ ማድረጉን፣ ገላ እንዳይቆስል ማገላበጡን፣ ብሎን ማጥበቁን። ወንበር የለም ብዬ እንደዋሸሁም ነገርኳቸው። አውቄያለሁ፣ የጓዳውን በር በጀርባዎ ሲሸፍኑ አይቻለሁ አሉኝ። የሺ ትናንት ወይዘሮዋን በስልክ ጠይቃቸው ነበር። መሪጌታው ሳይቸግራቸው በገዛ እግራቸው ሄደው እየተቀመጡበት፣ ከዚያ ሆነው ያስተምራሉ አለችኝ።

እኔም ሌላ ሁለት ዋንዛ ጥዬ ሳንቃ አስወጥቻለሁ። ጎተራው ሥር፣ ጥላ ውስጥ ተኝቷል። በእንደዚህ ያለ በሽታ የተያዘ ሰው ቢመጣባት ወደ እኔ እንድትልከው ለሐኪሟ ነግሬያታለሁ፤ ያን ጊዜ ተቆጥቼ ስለወጣሁም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። የሚመጣው ማን እንደሆነ አላውቅም። ሲመጣ ግን ደረቅ እንጨት ይጠብቀዋል፣ እሱ እንጨት አይጠብቅም።

ሳንቃ እንዳይጣመም በየሁለት ሳምንቱ መገልበጥ አለበት። በገለበጥኩ ቁጥር ድምፄን ከፍ አድርጌ ስምሽን እጠራለሁ። ጎረቤት ቢስቅ ይሳቅ። እኔ እስካለሁ ድረስ በዚህ ግቢ ስምሽ ሳይጠራ ሁለት ሳምንት አያልፍም።

ስንሻው