የብርቱካን ጭማቂው ጣጣ

እንደ እናቴ ለማይዎት ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ስኳርዎስ ልኩን ይዟል? የባለቤትዎ ሳልስ ለቀቃቸው ወይ? እኔም ሚስቴም ልጄም ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነን። ደህና የምለው ግን ዛሬ ነው፤ ባለፈው ወር ቢሆን ይህን ለመጻፍ አልደፍርም ነበር።

እንደሚያውቁት በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት አደርጋለሁ። ባለፈው ወር የተማሪዎች ደንብ ልብስ ስፌት ተደራረበብኝና አንዱን ቀን ዘለልኩት። አንድ ቀን ምን ያመጣል ብዬ ነው። በዚያው ሰሞን ስኳሬ እየወረደ ያንቀጠቅጠኝ፣ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። እርስዎ ስኳር ሲወርድ ብርቱካን ጠጣ ብለው በስልክ የመከሩኝን አስታውሼ ብርቱካን እያስጨመቅሁ በብርጭቆ እገለብጥ ጀመር። ቶሎ ስለሚያነቃኝ መድኃኒቴን ያገኘሁ መሰለኝ።

አንድ ጠዋት የስፌት መኪናዬን ልረግጥ ብል እግሬ እምቢ አለኝ። መቀሱም ከእጄ ወደቀ። ሚስቴ ስኳሬን ለክታ ደህና መሆኑን ስታይ፣ ስኳር ካልሆነ ምን ይሆን ብላ ይበልጥ ደነገጠች፤ ደግፋ እጥበት ወደማደርግበት ሆስፒታል ወሰደችኝ። የእጥበት ክፍሏ ሲስተር ገና ስታየኝ «እጄን ይጨብጡኝ» አለችኝ። ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው ቢያዩ የልቤ ምት ተዛብቷል። ሐኪሙ እንደነገረኝ ፖታሲየም የሚባል ጨው በደሜ ውስጥ በዝቶ ልቤን ሊያቆመው ምንም አልቀረውም ነበር። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወጣዋል፤ የእኔ አይችልም። ብርቱካን ደግሞ ይህ ጨው ሞልቶበታል። ልብ የሚጠብቅ መርፌ ወጉኝና ከማሽኑ ጋር አገናኙኝ። ሚስቴ እግሬን እንደያዘች አራት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች።

እጥበቱ ሊያልቅ ሲል ሲስተሯ እጇን መልሳ ዘረጋችልኝ። አጥብቄ ጨበጥኳት። «ቀስ ይበሉ እንጂ፣ የምሠራበት እጅ ነው» ብላ ሳቀች። ሚስቴ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

እትዬ፣ ራስዎን እንዳይወቅሱ። ምክርዎ ኩላሊቱ ለሚሠራ ሰው ልክ ነው፤ ጥፋቱ ሐኪም ሳልጠይቅ የጠጣሁት የእኔ ነው። ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊንም ሰውነት ውስጥ ይቆያልና መጠኑን ቀንሰውልኛል። አሁን ስኳሬ ከወረደ ስኳር በጥቂት ውሃ በጥብጬ እጠጣለሁ። ልጄ ኪሴን ሁሉ ከረሜላ ስለሞላችው ልብስ ሊለኩ የሚመጡ ሕፃናት እኔኑ መፈተሽ ለምደዋል። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልዘለልኩም፤ የሰሞኑ የደም ምርመራዬም ጥሩ ነው። ደንብ ልብሱንም ሰፍቼ ጨረስኩ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንዎ። ስኳር ከያዘዎ አሥራ አንድ ዓመት ሆነዎ፤ ኩላሊትዎን ግን አንዴም አላስመረመሩም። የእኔም ሲደክም አላመመኝም፣ ድምፁን አጥፍቶ ነው የከዳኝ። የሚወስዱት ትንሽ ሽንትና ትንሽ ደም ነው። አሳድገውኛልና ልቆጣዎ አልችልም፤ ግን እባክዎ በዚህ ሳምንት ይሂዱ። ውጤቱንም ሳይደብቁ ይጻፉልኝ፤ እኔም ይኸው አልደበቅሁዎትም።

ለባለቤትዎ የከበረ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። ትልቋን ልጅዎን በእኔ ስም ይሳሙልኝ፤ ወደ ምርመራው ቦታ እጅዎን ይዛ የምትወስድዎ እሷ ትሁን። ያንን ነገረኛ ታናሿንም ጆሮውን ቆንጥጠው ይሳሙልኝ። ሚስቴና ልጄ ጉልበትዎን ይስማሉ።

ታናሽ ወንድምዎ
ከልብስ መስፊያ ቤቴ፣ ግንቦት 14 ቀን