ቀዩ መብራት እስኪጠፋ፦ የአቶ ሽመክት ጀንበሬ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሽመክት ጀንበሬ ከአባታቸው ከባቡር ሠራተኛው ከአቶ ጀንበሬ ወሰኑ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበቡ ይታገሱ በኅዳር ወር 1957 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። የመጨረሻዋ እኔ እህታቸው ስርጉት ነኝ፤ በመካከላችን የተወለዱት አልቆዩም። ስለዚህ ይህን ታሪክ መናገር ለእኔ ደረሰ። ትምህርቴ ትንሽ ስለሆነ እኔ እየተናገርኩ ልጃቸው ወሰኑ ጻፈው። ስሕተት ካለበት የእኔ ነው። አንድም ቃል እንዳይቀንስ ግን አስምዬዋለሁ።

አቶ ሽመክት ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የባቡር ሠራተኞች ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ፈረንሳይኛ ማንበብና መጻፍ የቻሉት እዚያ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ይመጣል። አባታችን ፉርጎ ሲያገጣጥሙ የግራ እጃቸው ጣቶች ተቆርጠውባቸው ነበር። ወንድሜ ገበታ ላይ በተቀመጡ ቁጥር ያንን እጅ እያዩ አደጉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ፈሪ ነበሩ። ይህን የምለው ለማሳነስ አይደለም። ብረት ሲንቀሳቀስ ከሰው ሁሉ ቀድመው የሚሸሹ፣ ሲሸሹም አጠገባቸው ያለውን ሰው እጅ ይዘው የሚጎትቱ ነበሩ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ሰው ወደዚህ በወረደበት ጊዜ አቶ ሽመክትም በባቡር ጅቡቲ ገቡ። ነገሩ እስኪረጋጋ ብለው ነው የመጡት፤ እንደመጡ ቀሩ። በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጭነት ተቀባይ ሆነው ብዙ ዓመት ሠሩ። በ1987 ዓ.ም. ከወይዘሮ የምስራች ጋር በቤተ ክርስቲያናችን ጋብቻቸውን ፈጽመው ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ጎጆ ወጡ፤ ወሰኑንና ሻሼን ወለዱ። እናታችን ስታርፍ እኔን ከድሬዳዋ አስመጥተው እንደ ሦስተኛ ልጅ ያዙኝ። የአሮጌው ባቡር ሥራ እየሞተ ሲሄድ፣ በ2000 ዓ.ም. በአውሮፕላን ማረፊያው ጭነት የሚያነሣ ድርጅት ውስጥ ሻንጣ ጫኝ ሆነው ተቀጠሩ። ቆየት ብለው ለእኔም እዚያው የጽዳት ሥራ አገኙልኝ።

ድሮ ለአዲስ ሠራተኛ ሥልጠና የሚሰጠው ሰው ነበር። የጫኞቹ አለቃ ነፍሳቸውን ይማርና አቶ ዓብዱሰመድ በትር ይዘው አውሮፕላን የሚቆምበት ሜዳ ላይ ያቆሙታል። «ይህ ሞተር ነው፤ ይበላሃል። ከፊቱ አትለፍ» ይላሉ። ያልገባው እንደሆነ በአፋርኛ ይደግሙለታል፤ አሁንም ካልገባው በበትሩ ይነግሩታል። በ2011 ዓ.ም. ግን ሥልጠናው በኮምፒዩተር ሆነ። ክሊማ የምንለው ማቀዝቀዣ የሚነፍስባት ጠባብ ክፍል ተዘጋጀች። ሠራተኛው የባጁን፣ የመግቢያ መታወቂያውን፣ ቁጥር ያስገባል፣ የጆሮ ማዳመጫ ያደርጋል፣ ሥዕል እያየ በፈረንሳይኛ ይነገረዋል። ስለ ሞተር፣ ስለ መኪና አነዳድ፣ ባለቤት ስለሌለው ሻንጣ፣ ለማያውቁት ሰው በር ስላለመክፈት። በመጨረሻ ይጠየቃል። ከሳተ ኮምፒዩተሩ ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል፤ ካለፈ ባጁ ይታደሳል። ባጅ የሌለው ሜዳው ውስጥ አይገባም። ሥራ የሌለው የውጭ አገር ሰው ደግሞ የመኖሪያ ወረቀቱ ምን እንደሚሆን እዚህ ለቆምነው መንገር አያስፈልግም።

ክፍሏን የምወለውለው እኔ ነኝ፤ የምናገረውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከጫኞቹ አብዛኞቹ ፈረንሳይኛ አያነቡም። ወንድሜ ያነባሉ። «ጋሽ ሽመክት፣ እባክዎ ይግቡልኝ፣ ልጆች አሉኝ» ይሏቸዋል። እርሳቸውም በለመኗቸው ሰዎች የባጅ ቁጥር እየገቡ፣ ማዳመጫውን አድርገው፣ ጥያቄውን ሁሉ ይመልሱላቸው ነበር። ኮምፒዩተሩ ቁጥር እንጂ ፊት አያይም። በእኛ ዘንድ ይህ ማታለል አልነበረም። ለታመመ ሰው ተራ እንደመግባት፣ ለሐዘንተኛ ድንኳን እንደመትከል ነበር የምናየው። ወንድሜም እንደዚያው ነበር የሚያዩት። ማንም ሥራ አልፈታም፣ የማንም ቤት አልተዘጋም ብለው ደስ ይላቸው ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ካምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ በጀመረበት ሰሞን የሆነውን አሁን እናገራለሁ። ሻንጣ ጫኙ ዘይድ እዚህ መካከላችሁ ቆሟል። «ወላሂ፣ ስሜን ጥሪው፤ ልሞት የነበርኩት እኔ ነኝ» ስላለኝ ነው የምጠራው። አንድ አውሮፕላን ገብቶ ቆመ። ሞተሩ ገና አልጠፋም። ከሆዱ ሥር ያለው ቀይ መብራት እየበራ እየጠፋ ነው። ያ መብራት እስኪጠፋ ሰው አይቀርብም፤ የሥልጠናው የመጀመሪያ ትምህርት ይኸው ነው። ዘይድ ሙቀቱ ሳይበረታ ልጨርስ ብሎ ጎማው ሥር የሚገባውን ታኮ ተሸክሞ በሞተሩ ፊት ለፊት ሄደ። ባርኔጣው ከራሱ ላይ ተነጥቆ ወደ ሞተሩ በረረ። ወንድሜ ከኋላ ሮጠው በሰደርያው ያዙትና አብረው ተያይዘው መሬት ላይ ወደቁ። ሞተሩ በመጥፋት ላይ ስለነበር ባርኔጣው መንገድ ላይ ወደቀ እንጂ፣ ዘይድ ዛሬ እዚህ ባልቆመ ነበር።

አቧራቸውን ሳያራግፉ «ቀዩ መብራት አይታይህም?» ብለው ጮኹበት።

ዘይድም «የቱ ቀይ መብራት?» አላቸው።

ስለ ቀዩ መብራት የተጠየቀውን ጥያቄ በዘይድ ስም ገብተው የመለሱት ወንድሜ ነበሩ።

ከዚያን ቀን በኋላ አቶ ሽመክት የምናውቃቸው ሰው አልነበሩም። ምግብ እየጎረሱ ያቆማሉ። ስልክ ሲጠራ «ማን ነው? ማን ሞተ?» ነው የሚሉት። በማንም ቁጥር መግባት አቆሙ። ያን ጊዜ «ጋሽ ሽመክት ፈረንጅ ሆኑብን» ያላችሁ አላችሁ፤ ሰላምታም የነሳችኋቸው አላችሁ። እርሳቸውን ግን ያስፈራቸው ኩርፊያችሁ አልነበረም። ቀድሞ የገቡላቸው ሰዎች ሜዳው ላይ መሆናቸው ነበር። ባጃቸው ታድሷል፤ ኮምፒዩተሩ አውቀዋል ይላል፤ እነርሱ ግን ምንም አልተነገራቸውም። የሰዎቹን ስም ለእኔ እንኳ አልነገሩኝም። በዕረፍት ቀናቸው ጭምር እየመጡ አጥሩ ጋ ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። አውሮፕላን በገባ ቁጥር «መብራት! መብራት!» ብለው ይጮኻሉ። «አቶ መብራት» የሚል ስም ያወጣችሁላቸው ያኔ ነው። ስቃችኋል፤ እኔም ስቄአለሁ።

ፍርሃቱ ቤትም ገባ። ጎረቤታችን ፋጤ አንድ ጠዋት የከሰል ጆንያ ደጃችን ጥላ ወደ ሱቅ ብትሄድ፣ ወንድሜ ጆንያውን አይተው የግቢውን ሰው በሙሉ ከነሕፃኑ አስወጥተው መንገድ ላይ አቆሙት። ፋጤ ተመልሳ መጥታ «ጋሽ ሽመክት፣ ከሰል እኮ ነው! ከሰል ምን ያደርጋል?» ብትላቸው፣ «ያንቺ መሆኑን ማን ነገረኝ? ባለቤት የሌለው ዕቃ አይነካም» አሏት። እርሷም «እኔስ ባለቤት አይደለሁም? ግንባሬ ላይ ልጻፈው?» ብላ ሰፈሩን አሳቀችው። እርሳቸው አልሳቁም።

በ2016 ዓ.ም. አቶ ሽመክት የሥልጠናው ኃላፊ ቢሮ ገቡ። ኃላፊው ሙሴ ኢስማኤል ድሬዳዋ የተማሩ በመሆናቸው አማርኛ ያውቃሉ፤ እኔ ኮሪደሩን እየወለወልኩ ሁሉንም ሰማሁ። ወንድሜ የሠሩትን ተናግረው ባጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «የእኔን ውሰድ፤ የእነርሱን ግን ተው። እንዲማሩ ብቻ አድርግልኝ» አሉ። ሙሴ ኢስማኤል «ስም አልጠይቅዎትም፤ እርስዎም አይንገሩኝ። ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። በማይሰሙት ቋንቋ ማን አስተምሩ አለን?» አሏቸው። ባጃቸውንም መልሰው ሰጧቸው።

በዚህም መሠረት ትምህርቱ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በአማርኛ እንዲሆን ተወሰነ። የአማርኛውን ድምፅ የሰጡት አቶ ሽመክት ናቸው። የክሊማው ድምፅ እንዳይገባ ተዘግቶ፣ በዚያ ሙቀት፣ ላባቸው እየወረደ አነበቡት። ያን ጊዜ ልባቸው መድከም ጀምሮ ነበር፤ እኛ አላወቅንም። ማዳመጫውን አድርጌ ሰምቼዋለሁ። በየዓረፍተ ነገሩ መካከል ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ሲል ይሰማል።

ቀጥሎ ሙሴ ኢስማኤል «ትምህርቱን እንደገና መማር የሚፈልግ ይግባ፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም» ብለው አስታወቁ። የገቡት ጥቂቶች ናቸው። ዘይድ መጀመሪያ ገባ። ሌሎቻችሁ «ወጥመድ ነው፤ የገባ ሰው ድሮ እንዳልተማረ ይታወቅበታል፤ ከዚያ ባጃችንን ይወስዳሉ» ብላችሁ ቀራችሁ። አልፈርድባችሁም። ቤት የሚጠብቃችሁን አውቃለሁ።

አቶ ሽመክት በያዝነው 2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ሕመሙ ጠንቶባቸው ሆስፒታል ገቡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የምስራች አንድም ቀን ከአልጋቸው ሥር አልጠፉም። ከራስጌያቸው ልባቸውን የሚከታተል መሣሪያ ነበር። ቀይ መብራቱ ብልጭ ባለ ቁጥር እጄን ጨምድደው ይይዙኝና «አትቅረቢ፣ ስርጉት፣ ገና አልጠፋም» ይሉኝ ነበር። ደግሞ ሲነቁ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ገቡ?»

ልዋሻቸው አልቻልኩም። «አልገቡም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «እንግዲያው እኔን ለመቅበር ሲሰበሰቡ ንገሪያቸው። የዚያን ቀን አይቀሩም» አሉኝ።

የዕድራችን ሰብሳቢ አቶ ደጀን ይህን ጽሑፍ አስቀድመው አይተውት «እህቴ፣ በሕይወት ታሪክ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነበብም። የሞተን ሰው ስም ታጎድፊያለሽ፤ በሕይወት ያለውንም ታስፈሪያለሽ» ብለውኛል። ክብረት ይስጥልኝ። ስማቸውን የሚያጎድፍ ነገር ቢኖር፣ ራሳቸው የኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አኑረው ተናዝዘውበታል። መፍራቱን ግን ፍሩ። እኔም እየፈራሁ ነው የተናገርኩት፤ ከነገ ወዲያ ሥራዬ ይኑር አይኑር አላውቅም። ይነበብ አይነበብ ሲባል ወይዘሮ የምስራች እያለቀሱ «ይነበብ» አሉ። ይኸው እየተነበበ ነው።

አቶ ሽመክት ጀንበሬ ረቡዕ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸውም ዛሬ ዓርብ ግንቦት 15 ቀን ወዳጅ ዘመዶቻቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው በተገኙበት ይፈጸማል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ የምስራችን፣ ልጆቻቸውን ወሰኑንና ሻሼን፣ እንዲሁም እኔን እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ከእኛ ሌላ የተዉት ድምፃቸውን ነው።

ሬሳቸውን ለመሸከም የተሰለፋችሁ የሥራ ጓደኞቻቸው ሆይ፣ ማን ማን እንደሆናችሁ አላውቅም፤ እናንተ ግን ታውቃላችሁ። ከዛሬ ጀምሮ አጥሩ ጋ ቆሞ የሚጮኽላችሁ ሰው የለም። ሠልስታቸው ባለፈ ማግስት ጠዋት ክፍሏን ወልውዬ በሯን ከፍቼ እጠብቃለሁ። ሙሴ ኢስማኤል ቃላቸውን እንዳልለወጡ ትናንት ቤታችን መጥተው በሰው ፊት ነግረውኛል። ገብታችሁ ማዳመጫውን ጆሯችሁ ላይ ስታደርጉ የምትሰሙት እርሳቸውን ነው። «ቀዩ መብራት እስኪጠፋ አትቅረቡ» ይላሉ፤ ከዚያ ትንፋሻቸው ይቆረጣል፤ ከዚያ ደግመው ይሉታል። እባካችሁ እስከ መጨረሻው ስሟቸው፤ ኮምፒዩተሩን እየነካችሁ አትለፏቸው።

ለእርሳቸው መብራቱ ጠፍቷል። ለእናንተ ገና ነው።

ሲፈሩልን የኖሩትን ወንድሜን እግዚአብሔር ከእንግዲህ ምንም በማይፈሩበት ቦታ ያኑርልን፤ ለቤተሰባቸው መጽናናትን ይስጥ፤ ሜዳው ላይ ያላችሁትን ሁሉ ማታ ማታ ወደየቤታችሁ በሰላም ይመልሳችሁ። አሜን።