የአሥራ አራተኛው ቤት ወረቀት

ማክሰኞ፣ ሜይ 19

ለዘጠነኛ ክፍል የምርጫውን ምዕራፍ ጨረስኩ። ገጽ 62። ሕዝቡ የፓርላማ አባላትን ይመርጣል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ግን እኛ አንመርጥም፣ የሚያቆሙትም የሚያወርዱትም የመረጥናቸው ሰዎች ናቸው። ይህን ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ሁልጊዜ የሚጠፋባቸው እዚህ ላይ ነው።

ሚርና እጇን አወጣች። የኡም ወዲዕ (የወዲዕ እናት) ልጅ፣ ከኋላ የምትቀመጠው።

«መምህር፣ ማንን እንደመረጥን እውነት ማንም አያውቅም?»

«ማንም።»

«በይኩም?»

ክፍሉ ሳቀ። በይኩ፣ የአካባቢያችን ባላባትና እጩ፣ ከአያታቸው ጀምሮ በዚህ ተራራ ላይ በምርጫ ተሸንፈው አያውቁም፤ ልጆቹ እሳቸው የማያውቁት ነገር ያለ አይመስላቸውም።

«በይኩም» አልኩ። በጣም እርግጠኛ ነበርኩ።

ዓርብ፣ ሜይ 22

አጎቴ ነዒም መጡ። በመንደራችን የበይኩን ምርጫ የሚያስተባብሩት እሳቸው ናቸው። መንግሥት የምርጫ ወረቀት አያትምም፤ መራጩ የሚመርጣቸውን ስድስት እጩዎች ስም ራሱ ጽፎ፣ ወይም ሌላ ሰው ጽፎ የሰጠውን ይዞ ይመጣል። የበይኩን ወገን ስድስት ስሞች ለአርባ አንድ ቤት እንድጽፍላቸው ፈልገዋል።

«ለየቤቱ የተለየ የቀለም ነጥብ ጣል አድርጊበት። ሲቆጠር ማን እንደከዳን እናያለን።»

«ምልክት ያለበት ወረቀት ውድቅ ይሆናል፣ አጎቴ። ሕጉ ግልጽ ነው።»

«እንግዲያ ምን ይሻላል፣ ሊቋ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር... አልቻልኩም። ስህተት ሰምቼ ሳላርም ማለፍ አልችልበትም። የስሞቹ ቅደም ተከተል ምልክት አይደለም አልኳቸው። ስድስት ስም በሰባት መቶ ሃያ መንገድ ሊደረደር ይችላል። ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ አደራደር ቢሰጠው፣ በቆጠራው ጮክ ተብሎ ሲነበብ የየትኛው ቤት እንደሆነ...

ግንባሬን ሳሙኝ። «ሃያ ዓመት ስደክም መድኃኒቱ ከወንድሜ ቤት ተቀምጧል። በይኩ ይህን ይስሙ። አራት ዓመት በኮንትራት ማስተማር ይበቃሻል፤ ቋሚ ትሆኛለሽ።»

ደስ አለኝ። ለምን? ቋሚ መሆኑ ነው ወይስ ሊቅ መባሉ? ሁለቱም... ይበልጥ ሁለተኛው።

ረቡዕ፣ ሜይ 27

ጽፌ ጨረስኩ፣ በጥሩው የእጅ ጽሑፌ። እጩዎቹን ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ሰጥቼ የየቤቱን አደራደር በትንሽ ሰማያዊ ደብተር አሰፈርኩ። ቤት 14፣ ኡም ወዲዕ፦ ሦስት፣ አንድ፣ ስድስት፣ አራት፣ ሁለት፣ አምስት።

ለራሴ የነገርኩት፦ በይኩ ማወቅ የሚፈልጉት የሚወዷቸውን ሰዎች ነው እንጂ... እንጂ ምን? ዐረፍተ ነገሩን መጨረስ አቃተኝ።

ሰኞ፣ ጁን 1

ወረቀቶቹን አደልኩ። ኡም ወዲዕ አንድ ሳህን ቼሪ አቀረቡልኝ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት።

«የአንቺ እጅ ጽሑፍ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያ እፎይ።»

ምን ማለታቸው ነበር?

እሑድ፣ ጁን 7

ቀኑን ሙሉ በትምህርት ቤታችን፣ በሴቶቹ ድምፅ መስጫ ክፍል፣ የበይኩ ታዛቢ ሆኜ ተቀመጥኩ። ከቤይሩት በአውቶቡስ የመጡት ሳይቀሩ በመዝገቡ መሠረት በተራ ገቡ፣ ጣታቸውን ቀለም ነከሩ፣ ወጡ። ከመጋረጃው ጀርባ ያደረጉትን ማንም አላየም። ልክ እንዳስተማርኩት።

ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ሳጥኑ ተከፈተ። ሰብሳቢው እያንዳንዱን ወረቀት ከፍ አድርጎ እያሳየ ስሞቹን ጮክ ብሎ ያነባል። ለግልጽነት ሲባል። ይህንንም አስተምሬአለሁ። ደብተሩ ጭኔ ላይ ነበር፤ የተነበበውን ስም ሁሉ ወደ ቁጥሩ እየቀየርኩ እከተላለሁ።

ሦስት... አንድ... ስድስት... ሰብሳቢው ቆም አለ።

«እዚህ ላይ ተሰርዞ ዶክተር ፈርሃት ተብሏል።»

የተቃራኒው ወገን እጩ። መሰረዝ የመራጩ መብት ስለሆነ ወረቀቱ ጸና። ሁለት... አምስት።

ቀና ብዬ አየሁ። ስሙ የተሰረዘው በማስመሪያ ነው። «ስትሰርዙ በማስመሪያ ሰርዙ» የምላቸው እኔ ነኝ። የዶክተሩ ስም የተጻፈበትም በየሳምንቱ የማርመው የእጅ ጽሑፍ ነው... ሚርና ለእናቷ ጽፋላቸዋለች። ዶክተር ፈርሃት አባቷን እስኪሞቱ ድረስ በነፃ ያከሙ ሰው ናቸው።

ደብተሩ ላይ ቦታውን ባዶ ልተወው እችል ነበር። ማን ያውቅብኛል? እርሳሴ ግን ከቤት 14 አጠገብ ጻፈ፦ «አራተኛው ተሰርዟል።»

እርሳሴ ጻፈ እላለሁ ደግሞ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ ጁን 8

በይኩ አሸነፉ። ደብተሩን ለአጎቴ ሰጠሁ።

ዓርብ፣ ጁን 12

ሁለት ዜና በአንድ ቀን። ወዲዕ፣ የሚርና ወንድም፣ ከውኃ ፓምፑ የጥበቃ ሥራው ተሰናበተ። ያ ቤት የሚተዳደረው በእሱ ደመወዝ ነበር። ለእኔ ደግሞ የቋሚ መምህርነት ደብዳቤ መጣልኝ። እስከ ረቡዕ ፈርሜ መመለስ አለብኝ።

ደብዳቤውን ይዤ ወደ አጎቴ ሄድኩ። «ይህን ይውሰዱና ወዲዕን ይመልሱት።»

«ስሚ እንጂ የወንድሜ ልጅ። አርባ ቤት ያጎረስነውን ዋጠ፣ አንዱ ተፋ። የተፋውን መልሼ ላጉርስ?»

«አንድ ስም ብቻ ነው የሰረዙት።»

«ዛሬ አንድ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ስድስቱንም።» ከዚያ ሳቁ። «ደግሞስ ምን ያስለቅስሻል? የጻፍሽው ውሸት ነው?»

አይደለም። እያንዳንዱ ቃል ትክክል ነው። የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው።

እሑድ፣ ጁን 14

ኡም ወዲዕ ዘንድ ሄድኩ። የቼሪ ፍሬ እየፈለቀቁ ነበር፤ ሥራቸውን አላቆሙም። ቆሜ ተናገርኩ። ደብተሩ የእኔ ነው፣ ዘዴውም የእኔ ነው፣ አጎቴ እንኳ አላሰቡትም ነበር።

አንድ ፍሬ ፈልቅቀው ሳህኑ ላይ ጣሉ።

«እኔ ፈሪ ሴት ነኝ፣ ልጄ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰጡኝን ወረቀት አጥፌ ሳጥን ውስጥ ስከት ኖርኩ። ዘንድሮ ሚርና ‹ማንም አያውቅብሽም፣ መምህር ነግራናለች› አለችኝ። ወረቀቱ ደግሞ በአንቺ እጅ የተጻፈ። ከእሷ እጅ ምን ክፉ ነገር ይመጣል አልኩ።»

ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንዴት ቀላል ነበር...

«ስትወጪ በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊው» አሉኝ። «ወዲዕ ተኝቷል።»

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር፤ በሥራው ቢሆን ፓምፑ ጋ የሚገኝበት ሰዓት።

ማክሰኞ፣ ጁን 16

ገጽ 62ን እንደገና አስከፈትኳቸው። «ማንም አያውቅም» ያልኩት ሐሰት ነበር አልኩ። እንዴት እንደሚታወቅ ሰሌዳው ላይ አሳየኋቸው፤ ስድስት ቁጥር፣ ሁለት አደራደር። የማንንም ቤት አልጠቀስኩም። የሠራው ሰው ማን እንደሆነ ግን በስሙ ተናገርኩ፦ ሉብና፣ የሥነ ዜጋ መምህራችሁ። ማንም አልሳቀም። ሚርና ከደብተሯ ላይ ቀና አላለችም።

ደወሉ ሊደወል ሲል እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ለፈተናው የቱን እንጻፍ? የመጽሐፉን ነው ወይስ የዛሬውን?»

የምታሾፍብኝ መሰለኝ። ፊቷን አየሁት፤ አልነበረም። የመንግሥት ፈተናው ሊደርስ ቀናት ቀርተውታል። ማለፍ አለባት፤ አሁን ደግሞ ከበፊቱ ይበልጥ።

«የመጽሐፉን» አልኩ።

ቤት ገብቼ ደብዳቤውን አወጣሁ። ማስመሪያ አጋድሜ ስሜን ሰረዝኩ። ነገ እንዲሁ እመልሰዋለሁ። አጎቴ ይቆጣሉ፣ እናቴ ታለቅሳለች፣ ወዲዕ እንደሆነ እኔ ስለሰረዝኩ ወደ ሥራው አይመለስም። ይህን አውቃለሁ።

መስመሩን ደጋግሜ አየሁት። በማስመሪያም ሆኖ ተንቀጥቅጧል። የሚርና ቀጥ ያለ ነበር።