የሞረድኩት ሦስት ዲግሪ

እሑድ፣ የካቲት 16 ቀን

ለምወድህ ልጄ፣ ለማሙሽ፣

እንዴት ነህ የኔ ጌታ? ጉንፋኑ ለቀቀህ ወይስ ለእናቴ አልናገርም ብለህ ደብቀኸኛል? ባለፈው በስልክ «ደህና ነኝ እማ» ስትለኝ ድምፅህ ሌላ ነበር፤ አላመንኩህም። እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ። ይህን ደብዳቤ ከታጠፈው ላሜራ ናሙና ጋር ካርቶኑ ውስጥ የከተትኩት በስልክ ብነግርህ መሃል ላይ እንደምታቋርጠኝ ስለማውቅ ነው። እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ከዚያ ተቆጣ።

ያለፉት ሦስት ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። አንተ እዚያ ሩቅ ከተማ፣ የድርጅታችን ንድፍ ቢሮ ውስጥ፣ ኮምፒውተርህ ላይ የነደፍከው ዳይ፣ የአውቶቡስ ወንበር መደገፊያውን ላሜራ የሚያጥፈው ቅርጽ ብረት፣ መጀመሪያ ሲሞከር ላሜራው ዘጠና ዲግሪ መሆን ሲገባው ሰማንያ ሰባት ሆኖ ወጣ። የወርክሾፓችን ባለቤት ናሙናውን የምሞርድበት ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ፣ «እትዬ፣ ልጅዎ ካልሆነለት ጓዙን ጠቅልሎ ይመለስ!» አለኝ። በሰው ፊት! ዓይንህ እስኪቀላ የተማርከውን ሥራ በአንድ ቃል። ደሜ ፈላ። አንተ «ስሌቱ ትክክል ነው፣ በዚያው ንድፍ እንደገና ቁረጡት» አልክ፤ ተቆረጠ። አሁንም ሰማንያ ሰባት። «አንድ ዕድል ብቻ ቀርቶታል፤ ሦስተኛው ከተበላሸ የሥራ ውሉ አበቃ» አለ ሰውዬው።

እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም። በልጄ ላይ ተንኮል የሚሠራ ሰው አለ አልኩ። መጀመሪያ የግምጃ ቤቷን ሴትዮ ያዝኳት። «ላሜራውን ቀይረሽዋል አይደል? ይሄ የሳሳ ነው» ብላት፣ «ኧረ እትዬ፣ ከዚያው ጥቅልል ነው የቆረጥኩልዎ! ምን አደረግኩዎ?» ብላ ዓይኗ በእንባ ግጥም አለ። እንባዋንም ጠረጠርኩት። በካሊፐር ስለካው ውፍረቱ ያው ነው። ይቅርታ ግን አልጠየቅኳትም።

ቀጥሎ ፎርማኑ። ፉጨት የምንለው፣ ላሜራ ማጠፊያው ማሽን፣ ፕሬሱ፣ አጠገብ ቆሞ ቀኑን ሙሉ የሚያፏጨው። የሚስቱ ወንድም ዲዛይን ተምሮ ሥራ ፈትቶ መቀመጡን ከሰማሁ ወዲህ ፉጨቱ አላስቀምጥ ብሎኛል። የኔን ልጅ አስወጥቶ የራሱን ሰው ሊያስገባ ነው! «ዳዩን ከእኔ ከተቀበልክ በኋላ ማን ነካው?» ብዬ ድንገት ጠየቅኩት። «ማንም። እንደሰጡኝ ነው የገጠምኩት» አለና ማፏጨቱን ቀጠለ። እንደሱ ተረጋግቶ የሚመልስ ሰው ደግ አይደለም አልኩ በልቤ።

ረቡዕ ሁሉም ለምሳ ሲወጣ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ላሜራው የሚታጠፍበትን ብረት በማዕዘን መለኪያ ለካሁት፤ ሰማንያ አራት። ንድፍህን ዘረጋሁ፤ ሰማንያ ሰባት ይላል። «ያዝኩህ!» ብዬ ባዶው ወርክሾፕ ውስጥ ጮህኩ። ፉጨት ሦስት ዲግሪ ፍቆብሃል! በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ሲመጣ ልሰድበው አፌን ከፈትኩና እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ሦስቷን ዲግሪ አወቅኋት። የፉጨት አይደለችም፣ የገዛ ሞረዴ ናት።

ላሜራ ታጥፎ ሲለቀቅ ትንሽ ወደ ኋላ እንደሚመለስ አንተን አላስተምርህም። የድሮው ነዳፊ ሁልጊዜ ዘጠና ብሎ ነበር የሚሰጠኝ፤ ለመመለሻው የሚሆነውን ሦስት ዲግሪ፣ ብረቱ እሳት ገብቶ ሳይጠነክር፣ በሞረድ የምሰጠው እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። የአንተም ሲመጣ ቁጥሩን እንኳ ሳላይ እጄ ሄደ። ለካ አንተ መመለሻውን አስቀድመህ ንድፉ ውስጥ አስገብተኸዋል! አንተም ሦስት፣ እኔም ሦስት።

ወዲያው ባለቤቱ ቢሮ ገብቼ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄን ተዉት» አልኩ። ፉጨት ሲሰማ፣ «እትዬ፣ እኔን ጠርጥረው ነበር አይደል?» አለኝ። «አሁንም ትንሽ እጠረጥርሃለሁ» ስለው በሳቅ ፈረሰ። የግምጃ ቤቷን ሴትዮ ግን እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ፤ እሷም አቅፋ ይቅር አለችኝ። ዓርብ ሦስተኛው ተሞከረ። እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቆሜ አየሁ። ዘጠና! ልክ ዘጠና። የላክሁልህ እሱን ነው፣ ለካው። ባለቤቱ ውልህን ለሁለት ዓመት አድሶልሃል። ሁሉም አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። የመጀመሪያው ልማድ ነው፣ በአንተ እምላለሁ። ለሁለተኛው ግን ወረቀት ልከህልኝ ነበር፤ «እማ፣ መመለሻው ተቆጥሯል፣ በሞረድ እንዳትነኪው» ብለህ። ደርሶኛል። አንብቤዋለሁም። አጣጥፌ ሽርጤ ኪስ ከተትኩና ሞረድኩት። ከዚያ ረሳሁት፤ ትዝ ያለኝ ረቡዕ በሩ ላይ ቆሜ ነው። እንዴት ይረሳል? እኔ የጎረቤት ቂም ሃያ ዓመት የማልረሳ ሴትዮ!

ባለቤቱ «ይመለስ» ባለ ዕለት ደሜ ፈላ ብዬሃለሁ፤ እውነት ነው። ግን ቤት እንደገባሁ ያንተን ብርድ ልብስ አውጥቼ አጠብኩ። ለምን እንደማጥብ ራሴን አልጠየቅኩም። ሁለተኛው ብረት እጄ የገባው በነጋታው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሁሉ ላይ ጣቴን ስቀስር እኔን የጠረጠረ አንድም ሰው አልነበረም። ለአንተ ብዬ ይሁን ለራሴ ብዬ የሞረድኩት፣ ልጄ፣ እኔም አላውቀውም። ናፍቀኸኛል፤ ይህን ብቻ ነው በእርግጠኝነት የማውቀው።

ይቅር በለኝ። እጅህ ይባረክ፣ ክፉ አይንካህ፣ ያሰብከው ሁሉ ይሙላልህ። እዚያው ሥራ፣ እዚያው ክበር። ፈቃድ ስታገኝ ግን ብቅ በል። አሥር ቀን ይበቃኛል።

ይበቃኛል ስልህ አትመነኝ።

እናትህ